ዕጢው ደሙን የሚጠጣው ከየት ነው?

ባለፈው ዓመት አንድ ረቡዕ ረፋድ ላይ፣ ሰባት ዘመዳሞች አንድ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆመን ነበር። አክስቴ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ ቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ናት። ከአንጎሏ ሽፋን ላይ የበቀለ ዕጢ ሊወጣላት ነው። "እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይቆያል፣ ተረጋግታችሁ ጠብቁ" ተብለናል። ዶክተሩ ግን ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ብቅ አሉ። ፊታቸውን ሳየው ልቤ ስንጥቅ አለ።

"ከፍተን ዘጋነው" አሉን። "ደሙ አላሠራንም። ካሰብነው በላይ ደም ያለው ዕጢ ሆኖ አገኘነው። ታገግምና ሌላ ቀን እንሞክራለን።"

እናቴ "ተመስገን፣ ነፍሷ አለች" ብላ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። የአክስቴ ልጅ ስልኩን አውጥቶ ደም ሊሰጡ የሚችሉ ጓደኞቹ ጋ መደወል ጀመረ። እኔ ደግሞ ሒሳብ ውስጥ ገባሁ። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው ችግሩ ይኼ ነው፤ በጭንቅ መሀልም ሒሳብ ይመጣበታል። አራት ከረጢት ደም ሄዷል። አንድ የቀዶ ሕክምና ክፍል ግማሽ ቀን ሄዷል። የጽኑ ሕሙማን አልጋ ሊያዝ ነው። ሁለተኛ ሰመመን፣ ሁለተኛ ቀዶ ሕክምና ይጠብቃታል። ዕጢው ግን እዚያው ነው።

ከሁሉም በላይ ጆሮዬ ላይ የቀረችው "ካሰብነው በላይ" የምትለዋ ነገር ናት።

ዶክተሩን ለመውቀስ አይደለም። ደሙ አልቆም ሲል እጅን ሰብስቦ መውጣት ራሱ ችሎታ ነው፤ አክስቴ ዛሬ በሕይወት ያለችው እሳቸው ማቆም ስላወቁ ነው። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ዕጢው ብዙ ደም እንዳለው፣ ደሙም ከየት እንደሚመጣ፣ የራስ ቅሏ ሳይከፈት ማወቅ ይቻል ነበር ወይ?

መልሱን ስፈልግ ወራት ፈጀብኝ። አጭሩ መልስ "በአብዛኛው አዎ" ነው። ስለዚህ የዛሬው ሐሳቤ ይኼ ነው፦ የአንጎል ዕጢን የደም አቅርቦት ከቀዶ ሕክምና በፊት በምስል ማየት የሀብታም አገር ቅንጦት አይደለም። እንዲያውም ደምም፣ አልጋም፣ ዶላርም ላጠረው አገር ይበልጥ ያዋጣል።

ኤክስካቫተሩና ቧንቧው

አዲስ አበባ የኖረ ሰው ይኼን ያውቀዋል። ሰፈር ውስጥ መንገድ ይቆፈራል። ኤክስካቫተሩ አንዴ ጥርሱን ሲሰድ ውኃ ሽቅብ ይፈናጠራል። ሠራተኞቹ ይሯሯጣሉ፣ ጉድጓዱ ይሞላል፣ ቁፋሮው ይቆማል። "መዝጊያው የት ነው?" የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ያኔ ነው። አንድ ሽማግሌ "ድሮ እዚያ ጥግ ጋ ነበር" ይላሉ። ሰፈሩ ለሦስት ቀን ውኃ ያጣል።

ኦፕሬተሩ መቆፈር ስለማይችል አይደለም። ከሥር ያለው መስመር በየት በየት እንደሚያልፍ የሚያሳይ ካርታ እጁ ላይ ስላልነበረ ነው። ካርታው ቢኖረው መጀመሪያ መዝጊያውን ይዘጋል፣ ከዚያ ይቆፍራል።

የአንጎል ዕጢም ነገር ከዚህ አይርቅም። ልዩነቱ እዚህ ያለው ቧንቧ የሰው ደም ቅዳ መሆኑ ነው። አንጎላችን ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ብቻ ሆኖ ሳለ ልብ ከሚረጨው ደም 15 በመቶ ያህሉን ይወስዳል። በደቂቃ 750 ሚሊ ሊትር አካባቢ ማለት ነው። አንድ ሰው ደም ሲለግስ የሚሰጠው 450 ሚሊ ሊትር ገደማ ነው። እስኪ አወዳድሩት።

ዕጢ ደግሞ በራሱ መስመር ይቀጥላል። የቦስተኑ ቀዶ ሐኪም ጁዳ ፎክማን እ.ኤ.አ በ1971 ያቀረቡት ሐሳብ ይኼው ነው፦ ዕጢ ከአንድ ሁለት ሚሊ ሜትር አልፎ እንዲያድግ አዲስ የደም ሥር ወደ ራሱ መሳብ አለበት። ከጎረቤት ቧንቧ ሰርቆ ውኃ የሚቀጥል ሰው በሉት።

ሁሉም ዕጢ ግን እኩል አይጠጣም። የአክስቴ ዓይነቱ ሜኒንጂዮማ ይባላል። የሚነሳው ከአንጎሉ ሳይሆን አንጎልን ከሸፈነው ሽፋን ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም ካንሰር አይደለም። ደሙን ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ፊትንና የራስ ቅልን ከሚመግበው ከውጭኛው የአንገት ደም ቅዳ ነው። ይኼ ጥሩ ዜና ነው፤ ሐኪሙ መጀመሪያ ያንን ቅርንጫፍ ፈልጎ ሊዘጋው ይችላል። ችግሩ አንዳንዱ ሜኒንጂዮማ ከአንጎሉ ከራሱ መስመር ይጠጣል፣ አንዳንዱም ከሁለቱም። ሄማንጂዮብላስቶማ የሚባለው ሌላ ዕጢ ደግሞ ራሱ የደም ሥር ቋጠሮ ነው ማለት ይቻላል። ግሊዮብላስቶማ የሚባለው ክፉው ካንሰር የሚያበቅላቸው ደም ሥሮች የተጣመሙና የሚያፈሱ ናቸው። ለቤተሰብ ሲነገር ሁሉም "ዕጢ" ነው። ምላጭ ሲነካቸው ግን አንድ አይደሉም።

መቶ ዓመት ያስቆጠረ ጥያቄ

የአክስቴ ታሪክ አዲስ መስሎኝ ነበር። ለካ መቶ ዓመት አካባቢ ሆኖታል።

እ.ኤ.አ በ1926 ቦስተን ውስጥ ሃርቬይ ኩሺንግ የሚባሉ፣ የነርቭ ቀዶ ሕክምናን ለዛሬው ካበቁት ሰዎች ዋናው፣ የአንድ ታካሚን የራስ ቅል ዕጢ ሊያወጡ ገቡ። ደሙ አላሠራ አላቸው። አቁመው ወጡ። ከጥቂት ቀናት በኋላ ዊልያም ቦቪ የተባለው ባለሙያ የሠራውን፣ በኤሌክትሪክ እያቃጠለ ደም የሚያቆም መሣሪያ ይዘው ተመለሱና ዕጢውን አወጡት። መሣሪያው ዛሬም በየቀዶ ሕክምና ክፍሉ አለ፤ ብዙ ሐኪሞች የሚጠሩትም "ቦቪ" እያሉ ነው።

ኩሺንግ ችግሩን የፈቱት ከፈሰሰ በኋላ በማቆም ነው። በዓመቱ፣ እ.ኤ.አ በ1927፣ ሊዝበን ላይ ኤጋስ ሞኒዝ የተባሉ ፖርቱጋላዊ ሐኪም በሌላ በኩል መጡ። አንገት ላይ ባለው ደም ቅዳ በኩል በኤክስሬይ የሚታይ ፈሳሽ ወጉና የሕያው ሰው አንጎል ደም ሥሮችን ፊልም ላይ አሳዩ። አንጂዮግራፊ የሚባለው ምርመራ ተወለደ። ከመክፈት በፊት ማየት ተጀመረ።

አንጂዮግራፊ እስከ ዛሬ ድረስ ከሁሉም ዝርዝሩን አጥርቶ የሚያሳየው እሱ ነው። ቀጭን ቱቦ በብሽሽት ወይም በእጅ አንጓ በኩል ገብቶ እስከ አንገት ይደርሳል፣ ፈሳሹ ይረጫል፣ ደሙ እንዴት እንደሚሄድ እያንዳንዷ ሰከንድ ትቀረጻለች። ከተፈለገም በዚያው ቱቦ ጥቃቅን ቅንጣቶች ተልከው ዕጢውን የሚመግበው ቅርንጫፍ ከቀዶ ሕክምናው በፊት ይዘጋል። ግን ሰውነት ውስጥ ይገባል። ጨረር አለው። ትንሽም ብትሆን ስትሮክ የማስከተል ዕድል አለችው። የራሱ ክፍልና በዚያ ላይ የሠለጠነ ባለሙያ ይፈልጋል። ለእያንዳንዱ የአንጎል ዕጢ ታካሚ ይደረግ ማለት አይቻልም።

ስለዚህ ጥያቄው ዞሮ ዞሮ እዚህ ይመጣል፦ ቱቦ ሳናስገባ ማየት እንችላለን?

ከራስ ደም የተሠራ ቀለም

እዚህ ላይ እኔም ለረጅም ጊዜ የተሳሳትኩትን ልንገራችሁ። አክስቴ ከመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና በፊት ኤምአርአይ ተነስታለች። "ኮንትራስት" የሚሉት መድኃኒት ተወግታ ዕጢው ፊልሙ ላይ ቦግ ብሎ ነጭ ሆኗል። እኔ "ነጭ ከሆነ ደም አለው ማለት ነው፣ ታዲያ እንዴት አላዩትም?" ብዬ ተናድጄ ነበር።

ነገሩ እንደዚያ አይደለም። ጤነኛ አንጎል ውስጥ ያሉ ደም ሥሮች ግድግዳቸው ጥብቅ ነው፤ መድኃኒቱን ወደ ውጭ አያሳልፉትም። ዕጢው ውስጥ ግን ግድግዳው ይፈርሳል፣ ወይም ከመጀመሪያውም ጥብቅ አይደለም። መድኃኒቱ ሾልኮ ይወጣና ቦታው ነጭ ይሆናል። ስለዚህ ነጭነቱ የሚነግረን ቧንቧው እንደሚያፈስ ነው። በቧንቧው ስንት ሊትር እንደሚያልፍ ግን አይነግረንም። ሁለት ዕጢዎች እኩል ነጭ ሆነው አንዱ ከሌላው እጥፍ ድርብ ደም ሊኖረው ይችላል።

የደሙን መጠን ለማየት ሌላ ዓይነት ቀረጻ ያስፈልጋል። በሕክምናው ዓለም ፐርፊውዥን ይሉታል። በኤምአርአይ ሁለት ዋና መንገዶች አሉት።

አንደኛው ያንኑ መድኃኒት፣ ጋዶሊኒየም ያለበትን፣ በፍጥነት በክንድ ደም ሥር እየወጉ አንጎልን በየሰከንዱ ወይም በየሁለት ሰከንዱ ደጋግሞ ማንሳት ነው። መድኃኒቱ እንደ ማዕበል አልፎ ሲሄድ ምስሉ ለአፍታ ይጠቁራል። ኮምፒውተሩ የጠቆረበትን መጠን ቆጥሮ የትኛው ቦታ ብዙ ደም እንዳለው በቀለም ይስላል። ከሁለት ደቂቃ አይበልጥም። ግን መድኃኒቱ በውጭ ምንዛሪ ይገባል፤ ኩላሊታቸው ክፉኛ ለተጎዳ ሰዎችና ለነፍሰ ጡሮችም ጥንቃቄ ይፈልጋል።

ሁለተኛው መንገድ ግን ገና ሳነበው ፈገግ ያሰኘኝ ነው። ምንም አይወጋም። ማሽኑ አንገት ላይ የሚያልፈውን ደም፣ በተለይ ደሙ ውስጥ ያለውን ውኃ፣ በሬዲዮ ሞገድ "ምልክት" ያደርግበታል። ሁለት ሰከንድ ያህል ይጠብቃል። ምልክት የተደረገበት ደም አንጎል ሲደርስ ያነሳዋል። ከዚያ ምልክት ሳያደርግ በድጋሚ ያነሳል። ሁለቱን ምስሎች ሲቀናንስ የሚቀረው አዲስ የገባው ደም ብቻ ነው። ይኼን ደጋግሞ አማካዩን ያወጣል። ጠቅላላው አራት አምስት ደቂቃ ነው። አሜሪካ ውስጥ ጆን ዲትሬ፣ አለን ኮረትስኪና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ በ1992 በአይጥ አንጎል ያሳዩት ዘዴ ነው። በእንግሊዝኛው ምሕጻር ኤኤስኤል ይባላል። ባለሙያዎች ለሰው ሲሠራ በምን ዓይነት አሠራር ይሁን ብለው የጋራ ምክር ካወጡም ከአሥር ዓመት በላይ ሆኗል።

በእኔ ቋንቋ ልግለጸው? ጋዶሊኒየም ዶላር ነው፤ ከውጭ ይመጣል፣ ያልቃል፣ ዋጋው ይጨምራል። ኤኤስኤል ብር ነው፤ ቀለሙ የታካሚው የራሱ ደም ነው።

ከሁለቱ ጎን ደግሞ የደም ሥሮቹን መንገድ የሚያሳዩ ቀረጻዎች አሉ። ኤምአርአይ ያለ ምንም መርፌ ትልልቆቹን ደም ቅዳዎች መሳል ይችላል። ሲቲ ስካን ደግሞ አዮዲን ያለበት ፈሳሽ ተወግቶ በሰከንዶች ውስጥ ከራስ ቅሉ አጥንት ጋር አብሮ ያሳያቸዋል፤ ጨረር ቢኖረውም ፈጣን ነው። ይበልጥ የረቀቀው የኤኤስኤል ዓይነት የአንገትን ደም ቅዳዎች አንድ በአንድ ምልክት እያደረገ "ይኼን ዕጢ የሚመግበው የትኛው ነው?" የሚለውን እስከ መመለስ ይሄዳል፤ እሱ ግን ገና በየሆስፒታሉ የተለመደ አይደለም።

መረጃ ዋጋ የሚኖረው መቼ ነው?

ዩኒቨርሲቲ ከተማርኩት ውስጥ በየቀኑ የምጠቀምበት አንድ ሐሳብ አለ። መረጃ ዋጋ የሚኖረው ውሳኔ ሲለውጥ ነው። ምንም የማይለውጥ መረጃ ጌጥ ነው። ታዲያ የዕጢን ደም ማወቅ ምን ይለውጣል?

አንደኛ፣ ስንት ከረጢት ደም ይዘጋጅ የሚለውን። ይኼ በሁለቱም በኩል ይሠራል። ዕጢው ብዙ ደም ካለው በቂ ደም ሳይዙ ከመግባት ያድናል። ትንሽ ደም ካለው ደግሞ ስድስት ከረጢት ያለ ሥራ ተይዞ አይቀመጥም። ለአክስቴ የተያዘ ደም በዚያው ሌሊት ወሊድ ላይ ደም ለሚፈሳት እናት ቶሎ ላይደርስ ይችላል። እኛ አገር ደም ባንክ ሞልቶ የሚፈስበት ቀን አላየሁም።

ሁለተኛ፣ ሐኪሙ ከየት በኩል ይግባ፣ የቱን ደም ቅዳ መጀመሪያ ይዝጋ የሚለውን። መዝጊያው የት እንዳለ ማወቅ ማለት ነው።

ሦስተኛ፣ ያ ውድና አደጋም ያለው አንጂዮግራፊ ለማን ያስፈልጋል የሚለውን። ሁሉንም ከመላክ፣ የሚያስፈልገውን ለይቶ መላክ።

አራተኛ፣ ናሙና ብቻ የሚወሰድ ከሆነ ከዕጢው የቱ ጋ ይወሰድ የሚለውን። ግሊዮማ በሚባሉት ዕጢዎች ብዙ ደም ያለበት ቦታ ብዙ ጊዜ ክፉው ቦታ ነው። ከተሳሳተ ጥግ የተወሰደ ናሙና "ቀላል ነው" ብሎ ሊያዘናጋ ይችላል።

አምስተኛ፣ እዚህ እንሥራው ወይስ ልምድና አልጋ ወዳለበት እንላከው የሚለውን። ከክልል ለመጣ ቤተሰብ ይኼን ከመክፈት በፊት ማወቅና ከከፈቱ በኋላ ማወቅ የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል።

አምስት ውሳኔ። በአምስት ደቂቃ ቀረጻ። ሳይቃጠል በቅጠል ይላል የእኛ ሰው።

አሁን ወደ ወጪው እንምጣ። ማሽኑ አንዴ ተገዝቷል፤ ያ ገንዘብ ወጥቷል፣ አይመለስም። ልንጠይቅ የሚገባው "ኤምአርአይ ስንት ያወጣል?" ብለን ሳይሆን "ታካሚዋ ማሽኑ ውስጥ ከተኛች በኋላ አምስት ደቂቃ ብንጨምር ስንት ያወጣል?" ብለን ነው። በሳምንት ሦስት የአንጎል ዕጢ ታካሚ የሚያይ ቦታ ቢኖር ጭማሪው 15 ደቂቃ ነው። ነጻ አይደለም፤ ወረፋ ላይ ያለ ሰው 15 ደቂቃ ይጠብቃል። ግን አንድ ተከፍቶ የተዘጋ ቀዶ ሕክምና የሚበላውን ክፍል፣ ደም፣ አልጋና የሐኪም ሰዓት ከዚያ ጋር አስቀምጡት። ሚዛኑ ለማየት መነጽር አይፈልግም።

በተለይ እኛ ጋ ሐኪሙ ራሱ ውድ ሀብት ነው። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከኖርዌዩ በርገን ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የነርቭ ቀዶ ሐኪሞችን አገር ውስጥ ማሠልጠን የጀመረው እ.ኤ.አ በ2006 ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተሠርቷል፤ ሆኖም ከ120 ሚሊዮን በላይ ለሆነ ሕዝብ እያንዳንዷ የእነሱ ሰዓት በብዙ ሰው ትፈለጋለች። ያንን ሰዓት "ካሰብነው በላይ" ላይ ማቃጠል ያሳዝናል።

ሐምሌ 2016 ዓ.ም ብር በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ ምን እንደሆነ እናንተም በስልክ ዋጋ አይታችሁታል። የሕክምና ዕቃም ከዚያ አያመልጥም። ከራስ ደም ቀለም የሚሠራ ዘዴ ለሌላው አገር ምቾት ይሆናል፤ ለእኛ ግን የውጭ ምንዛሪ ጉዳይም ነው።

"ግን እኮ..." ለምትሉ

ትክክል ናችሁ፣ "ግን እኮ" አለው። እንዲያውም ብዙ አለው።

ኤኤስኤል የሚቀናንሰው በጣም ትንሽ ልዩነት ነው፤ ከምልክቱ አንድ በመቶ ገደማ። ታካሚው ከተንቀሳቀሰ ይበላሻል። ምስሉም ደብዘዝ ያለ ነው። ጠንካራ ማግኔት ያለው ማሽን ላይ ጥሩ ይሆናል፣ አነስተኛው ላይ ይደክማል። ሶፍትዌሩ ደግሞ ብዙ ጊዜ ከማሽኑ ጋር ሳይሆን ለብቻው ይሸጣል። ምስሉን የሚያነብ ራዲዮሎጂስት ካልሠለጠነበት ያማረ ቀለም ብቻ ሆኖ ይቀራል። አንዳንድ ዕጢዎችም ያታልላሉ፤ ብዙ ደም ኖሯቸው ክፉ ያልሆኑ አሉ። መጋቢውን ቅርንጫፍ በቱቦ ቀድሞ መዝጋት ለየትኛው ሜኒንጂዮማ ይጠቅማል የሚለው ላይ ሐኪሞች ራሳቸው ገና ይከራከራሉ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ምስል ደም አያቆምም። የሚያቆመው እጅ ነው።

ግን ይኼ ሁሉ "አያስፈልግም" አይልም። የሚለው "በደንብ ይደረግ" ነው። ማሽን ስንገዛ ሣጥኑን ብቻ የምንገዛ ከሆነ፣ ሶፍትዌሩን፣ ሥልጠናውንና ጥገናውን ውሉ ላይ ካላስገባን፣ ስማርት ስልክ ገዝቶ ለመደወል ብቻ እንደመጠቀም ነው። ስለዚህ ለሚመለከታቸው የምለው አጭር ነው። የግዥ ውል ላይ የፐርፊውዥን ሶፍትዌርና ሥልጠናው ይጠየቅ። ያሉት ማሽኖች የቱ ይኼን መሥራት እንደሚችል ተቆጥሮ ይታወቅ። የአንጎል ዕጢ ምርመራ ማዘዣ ወረቀት ላይ "የደም አቅርቦት" የምትል አንዲት መስመር ትጨመር። የአክስቴ የመጀመሪያ ማዘዣ ላይ እንዲህ የምትል መስመር አልነበረችም። ያልታዘዘ ነገር ደግሞ አይሠራም፤ ማንም ሰው ክፉ ስለሆነ አይደለም።

እናንተ ስልክ የያዛችሁት

ብዙ ቤተሰብ ውስጥ ሐኪም ዘንድ የሚላከው፣ ፊልሙን የሚሸከመው፣ ውጭ አገር ላለ ዘመድ ፎቶ የሚልከው ወጣቱ ነው። እኔም እንደዚያው ነበርኩ። ከመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና በኋላ የአክስቴን ፊልም መስኮት ላይ ለጥፌ ፎቶ አነሳሁና ሜሪላንድ ኤምአርአይ ክፍል ለምትሠራ የአጎቴ ልጅ በቴሌግራም ላክሁ። መልሷ "የኔ ወንድም፣ በዚህ ምንም አይታይም። ፐርፊውዥን ተሠርቶላታል?" የሚል ነበር። ቃሉን ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት ያኔ ነው።

ስለዚህ ከስህተቴ ተማሩ። ከምርመራ ቦታው ፊልም ብቻ ሳይሆን ሲዲውን ወይም በፍላሽ ፋይሉን ጠይቁ። አንድ ምርመራ በመቶዎች የሚቆጠሩ ምስሎች አሉት፤ ፊልሙ ላይ የምታዩት የተመረጡትን ነው። በቴሌግራም ከላካችሁ እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩ፤ እንደ ፎቶ ሲላክ ይጨመቃል። ስምና የካርድ ቁጥር ያለበትን ምስል ደግሞ ግሩፕ ላይ አትለጥፉ፤ የሰው አንጎል ነው።

ሐኪሙን በአክብሮት ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦ "የዕጢው የደም አቅርቦት ታይቷል? ዋናው መጋቢ ከየት ነው? ማየቱ ለቀዶ ሕክምናው የሚለውጠው ነገር ይኖራል?" መልሱ "ለዚህ ዕጢ አያስፈልግም" ሊሆን ይችላል፤ ያም መልስ ነው። ታካሚውንም ማሽኑ ውስጥ አለመንቀሳቀስ ምን ያህል እንደሚጠቅም አስረዱት። ሰውነቱ ውስጥ ብረት ካለ ቀድማችሁ ተናገሩ። ደግሞም ዘመድ እስኪታመም ሳትጠብቁ ደም ስጡ። ካርታው ቢኖርም ቧንቧው አንዳንዴ ይፈነዳል።

አክስቴን ሳልጨርስላችሁ አልሄድም። ከአምስት ሳምንት በኋላ፣ ሌላ ቦታ በድጋሚ ኤምአርአይ ተነሳች። በዚህኛው የደም ፍሰቱም ደም ሥሮቹም ታዩ። የቀለም ካርታው ላይ ዕጢው እንደ ፍም ቀልቶ ነበር። ዋናው መጋቢ ከውጭኛው መስመር በጎን በኩል ይገባ ነበር። ዶክተሩ፣ ያው የመጀመሪያዎቹ፣ ምስሉን ለረጅም ጊዜ አዩትና "በዚህ በኩል እንጀምራለን" አሉ። ስድስት ከረጢት ደም ተዘጋጀ። አንድ ብቻ ተጠቀሙ።

የተማርኩት ትምህርት አያስዋሸኝም፤ አንድ ሰው ማስረጃ አይባልም። ዶክተሩ ከመጀመሪያው ቀዶ ሕክምናም ብዙ ተምረው ሊሆን ይችላል። የቱ ምን ያህል እንደረዳ ለይቼ ልነግራችሁ አልችልም። ግን አንድ ነገር አውቃለሁ። በሁለተኛው ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ዶክተሩ በዚያው ኮሪደር ብቅ ሲሉ "ካሰብነው በላይ" አላሉም። "እንዳሰብነው ሆነ" ነው ያሉት። ያልተጠቀሙባቸው አምስት ከረጢቶችም ወደ ሌላ ሰው ሄደዋል።